የባልና የሚስት ግብር በሁለት አገር ሕግ

ድሬዳዋ ከተቈረቈረችበት ከ1895 ዓ.ም. ጀምሮ የመንገደኛ ከተማ መሆንዋ የታወቀ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በዚያው ዓመት ከደረሰባት ወዲህ፣ ፈረንሳዩና ግሪኩ፣ አርመኑና ሕንዱ፣ ዐረቡም ጭምር ለሥራ እየመጣ በከዚራና በመጋላ ኖሮባታል። የጉምሩክ ነገር፣ የምንዛሪ ነገር፣ የይለፍ ወረቀት ነገር ለሌላው ከተማ ሰው እንግዳ ሲሆን፣ ለድሬዳዋ ልጅ ግን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲሰማው ያደገ ጉዳይ ነው። ዛሬም እንግዳው መምጣቱ ሳይቀር፣ የድሬዳዋ ልጅ ደግሞ በተራው ለሥራና ለትምህርት ወደ ውጭ አገር መሄዱ የተለመደ ሆኗል።

ከሚሄዱትም መካከል ባለትዳሮች ይገኛሉ። አንዳንድ ጊዜ ባልየው በድሬዳዋ ሥራውን ይዞ ሲቀር፣ ሚስቲቱ ለትምህርት ባሕር ማዶ ትሻገራለች። አንዳንድ ጊዜም ሁለቱ አብረው ሄደው፣ አንዱ በሥራ ቪዛ፣ ሌላው በተማሪ ቪዛ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖራሉ። ጅቡቲ እየሠራ በየሳምንቱ መጨረሻ ወደ ቤቱ የሚመለስም አለ። ናፍቆቱንና የመንገዱን ወጪ ሁሉም አስቀድሞ ያስበዋል፤ ግብሩን ግን አስቀድሞ የሚያስበው ጥቂት ነው። ግብሩ የሚታወሰው ደብዳቤ ሲመጣ ወይም ሌላ ጉዳይ ሲደናቀፍ ነው።

ግብርን አሳስቶ ማስታወቅ ደግሞ በገንዘብ ብቻ የሚያልቅ ጥፋት አይደለም። በቪዛ የሚኖር ሰው በእንግድነት የተቀመጠ ነውና፣ ነገ የመኖሪያ ፈቃድ ሲጠይቅ የትናንቱ የግብር መዝገብ ሊታይበት ይችላል። ስለዚህ ተማሪውም፣ በመሥሪያ ቤት ያለው ወጣት ሠራተኛም ይህን ነገር ከመሠረቱ ቢያውቀው ይበጀዋል።

አንድ ቤት፣ ሁለት ግብር ከፋይ

በመጀመሪያ የአገራችንን ሕግ እንመልከት። ዛሬ የሚሠራበት የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሲሆን፣ በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 ተሻሽሏል። በተሻሻለው ሕግ መሠረት ከወር ደመወዝ የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነጻ ነው። ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ብር ባለው ላይ 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ባለው ላይ 20 በመቶ፣ እስከ 10,000 ባለው ላይ 25 በመቶ፣ እስከ 14,000 ባለው ላይ 30 በመቶ፣ ከ14,000 ብር በላይ በሆነው ላይ 35 በመቶ ይከፈላል። ይህንንም ቀጣሪው ከደመወዙ ላይ ቀንሶ ገቢ ያደርጋል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ሕጉ የሚያየው ሰውን እንጂ ቤትን አለመሆኑ ነው። በኢትዮጵያ ባልና ሚስት ደመወዛቸውን ደምረው በአንድነት የሚያስታውቁበት ሥርዓት የለም። ለማስረዳት ያህል ሁለት ቤቶችን እናነጻጽር። በአንደኛው ቤት ባልና ሚስት እያንዳንዳቸው በወር 15,000 ብር ያገኛሉ። የእያንዳንዳቸው ግብር 3,200 ብር፣ የሁለቱ ድምር 6,400 ብር ይሆናል። በሁለተኛው ቤት ባልየው ብቻ 30,000 ብር ያገኛል፤ ሚስቲቱ ተማሪ ናት። የዚህ ቤት ግብር 8,450 ብር ነው። ወደ ሁለቱም ቤት የሚገባው ገንዘብ እኩል ሆኖ ሳለ፣ ተማሪ ያለበት ቤት በወር 2,050 ብር፣ በዓመት 24,600 ብር አብልጦ ይከፍላል። ምክንያቱም ለተማሪዋ የተተወላት ከግብር ነጻ የሆነ መጠንና ዝቅተኛው የግብር ልክ ሁሉ ሳይሠራበት ይቀራል።

ነገሩን ይበልጥ የሚያስገርመው የቤተሰብ ሕጉ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ በቀጥታ ከሚሠራባቸው ከተሞች አንዷ ድሬዳዋ ናት። ይህም ሕግ በትዳር ጊዜ ባል ወይም ሚስት በግል ጥረቱ የሚያገኘው ገቢ የጋራ ሀብት ነው ይላል። እንግዲህ ያው ደመወዝ በፍርድ ቤት ፊት የሁለቱ ሲሆን፣ በግብር ሰብሳቢው ፊት የአንዱ ብቻ ነው ማለት ነው። ሁለቱም ሕጎች በየበኩላቸው ምክንያት አላቸው፤ ነገር ግን ሁለቱን ያስተያየ ሰው ጥያቄ ቢያነሣ አይፈረድበትም።

የሌላው ዓለም ልምድም አንድ ዓይነት አይደለም። ፈረንሳይ ከ1938 ዓ.ም. ጀምሮ ግብርን በቤተሰቡ ቍጥር ልክ እያካፈለች ታስከፍላለች። አሜሪካ በ1940 ዓ.ም. ባልና ሚስት ገቢያቸውን ደምረው እኩል እንደ ተካፈሉት ተቈጥሮ እንዲከፍሉ ፈቀደች። እንግሊዝ ግን ቀድሞ የሚስትን ገቢ ከባል ገቢ ጋር ስትደምር ኖራ፣ በ1982 ዓ.ም. ያንን ትታ እያንዳንዱ ለየብቻው እንዲከፍል አደረገች። ለዚህም በቂ ምክንያት ነበራት። ገቢ ሲደመር፣ አነስተኛ ደመወዝ ያላት ሚስት ከመጀመሪያዋ ሳንቲም ጀምሮ በባሏ ከፍተኛ የግብር ልክ ትያዛለች፤ ሥራ መያዝም አያዋጣትም። ስለዚህ የኢትዮጵያን ሥርዓት በአንድ ቃል ኋላ ቀር ነው ማለት ስሕተት ይሆናል። ሠራተኛዋን ሚስት ይጠቅማል፤ ተማሪዋን ሚስት ግን ይረሳል።

ነዋሪ የሚባለው ማን ነው?

ሁለተኛው ጥያቄ የቦታ ጥያቄ ነው። በአዋጁ መሠረት የኢትዮጵያ ነዋሪ የሆነ ሰው በዓለም ሁሉ ባገኘው ገቢ ላይ ይጠየቃል። ነዋሪ ያልሆነ ሰው ግን የሚጠየቀው ከኢትዮጵያ ባገኘው ገቢ ብቻ ነው። ነዋሪ የሚያሰኙትም ዋና ዋናዎቹ ነገሮች ሁለት ናቸው፤ አንደኛው በኢትዮጵያ መደበኛ መኖሪያ ያለው መሆኑ ነው፤ ሁለተኛው በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ በተከታታይም ሆነ በተቈራረጠ ሁኔታ ከ183 ቀን በላይ በኢትዮጵያ መገኘቱ ነው።

ብዙ ሰው የሚያውቀው ሁለተኛውን ነው። ቀን ቈጥሮ ከ183 ካነሰ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ለምሳሌ በጅቡቲ የሥራ ፈቃድ ኖሮት የሚሠራ የድሬዳዋ ሰው እንውሰድ። ሚስቱ በድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። እርሱ በየሳምንቱ መጨረሻ ሁለት ሁለት ቀን ወደ ቤቱ ይመጣል፤ በዓመት የአንድ ወር ዕረፍትም አለው። ሁሉም ቢደመር 134 ቀን ያህል ነው፤ 183 አልሞላም። ነገር ግን ሚስቱ፣ ልጆቹ፣ ቤቱ፣ የኑሮው ዋና ጉዳይ ሁሉ በድሬዳዋ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መደበኛ መኖሪያ የሚለው ሰው በቋሚነት ለመኖር አስቦ የሥራውንና የጥቅሙን ዋና ስፍራ ያደረገበትን ቦታ ነው። ስለዚህ ይህ ሰው ሥራው ጅቡቲ ቢሆንም ሐሳቡና ጥቅሙ ድሬዳዋ ነው ተብሎ፣ ቀኑ ሳይሞላ ነዋሪ ሊባል ይችላል። ነዋሪ ከተባለም የጅቡቲው ደመወዝ ከሕጉ ዐይን ውጭ አይደለም። በመሆኑም በዚያ አገር ግብር የከፈለበትን ደረሰኝ ወር በወር አስቀምጦ መያዝ አለበት፤ አንድ ገቢ ሁለት ጊዜ እንዳይገበርበት የሚከራከረው በዚያ ወረቀት ነውና።

ይኸው ሕግ ወደ ድሬዳዋ ለሚመጣውም እንግዳ ይሠራል። በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው የድሬዳዋ ነጻ የንግድ ቀጣና በአገሪቱ የመጀመሪያው ነው፤ የኢንዱስትሪ ፓርኩና አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡርም የውጭ አገር ባለሙያ ሲያስመጡ ይታያሉ። ይህ ባለሙያ በዓመት ከ183 ቀን በላይ ከተቀመጠ፣ በትውልድ አገሩ ያለው የቤት ኪራይ ገቢው ሳይቀር በኢትዮጵያ ሕግ ጥያቄ ይነሣበታል። ደመወዙ በዶላር የሚታሰብ ከሆነም ሌላ ነገር አለ። በ2008 ዓ.ም. ከፍተኛው የግብር ልክ፣ 35 በመቶ፣ የሚጀምረው ከ10,900 ብር በላይ ነበር፤ ያም በጊዜው ምንዛሪ አምስት መቶ ዶላር ገደማ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲመነዘር ከተደረገ በኋላ፣ በ2017 የተወሰነው 14,000 ብር በዚያ ወቅት ምንዛሪ ሲታሰብ መቶ ዶላር ገደማ ሆነ። ጣሪያው በብር ከፍ አለ፤ በዶላር ሲታይ ግን ወረደ። በውጭ ገንዘብ የሚከፈለው ሰው ደመወዝ ከሞላ ጐደል ሙሉ በሙሉ በ35 በመቶ ይያዛል ማለት ነው።

በአሜሪካ ያሉት ባልና ሚስት

አሁን ደግሞ ከድሬዳዋ ሄደው በአሜሪካ የሚኖሩ ባልና ሚስት እናስብ። ባልየው ኤች-1ቢ በተባለው የሥራ ቪዛ ይሠራል፤ ሚስቲቱ ኤፍ-1 በተባለው የተማሪ ቪዛ ትማራለች። አንድ አልጋና አንድ ማዕድ ቢጋሩም፣ በአሜሪካ የግብር ሕግ አንዱ ነዋሪ፣ ሌላው ነዋሪ ያልሆነ እንግዳ ሊሆኑ ይችላሉ።

ለሥራ የገባው ሰው የሚለካው በቀን ነው። የዘንድሮው ቀን ሙሉ በሙሉ፣ የዐምናው አንድ ሦስተኛ፣ የካቻምናው አንድ ስድስተኛ ተደምሮ 183 ከሞላ፣ ዘንድሮም ቢያንስ 31 ቀን ከተገኘ ነዋሪ ይባላል። የተማሪ ቀን ግን ለአምስት የአቈጣጠር ዓመታት አይቈጠርም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዓመቱ የሚቈጠረው ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር መሆኑን፣ ከዓመቱ አንድ ቀን ብቻ እንኳ ቢኖርበት እንደ ሙሉ ዓመት መያዙን ባለማወቅ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የገባች ተማሪ አምስቱ ዓመት የሚያልቅባት በነሐሴ 2018 ሳይሆን በታኅሣሥ 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው።

ነዋሪ ያልሆነች ተማሪ የምታስታውቀው በፎርም 1040-ኤንአር ነው፤ ምንም ገቢ ባይኖራትም እንኳ ፎርም 8843 የተባለውን መላክ አለባት። ከዩኒቨርሲቲው ከምታገኘው ድጋፍ ለትምህርት ክፍያና ለመጻሕፍት የዋለው ከግብር ነጻ ነው፤ ለምግብና ለመኝታ የተሰጣት ግን ግብር አለበት፤ በተለመደው ሁኔታ 14 በመቶ አስቀድሞ ይያዝባታል። ለነዋሪዎች የሚሰጠው መደበኛ ተቀናሽም አይደርሳትም። የሕንድ ተማሪዎች መንግሥታቸው ከአሜሪካ ጋር በተዋዋለው የግብር ስምምነት ምክንያት ይህን ተቀናሽ ያገኛሉ። ኢትዮጵያ ከፈረንሳይ፣ ከጣሊያን፣ ከእንግሊዝ፣ ከሕንድና ከቻይና ጋር ተደራራቢ ግብርን የሚያስቀር ውል አላት፤ ከአሜሪካ ጋር ግን የላትም። ስለዚህ የድሬዳዋዋ ልጅና የቦምቤዋ ልጅ በአንድ ክፍል አብረው ተቀምጠው፣ እኩል እየተከፈላቸው፣ ልዩ ልዩ ግብር ይከፍላሉ።

ለባለትዳሮች ግን ሕጉ አንድ በር ከፍቷል። ከሁለቱ አንዱ በዓመቱ መጨረሻ ነዋሪ ከሆነ፣ ሁለቱም ፈርመው ሌላውን እንደ ነዋሪ አስቈጥረው በአንድነት ማስታወቅ ይችላሉ። ጥቅሙን በቍጥር እንይ። ባልየው በ2025 እ.ኤ.አ. 60,000 ዶላር አግኝቶ፣ ሚስቲቱ ምንም ገቢ ባይኖራት፣ ለየብቻ ቢያስታውቅ 15,750 ዶላር ብቻ ተቀንሶለት 5,071 ዶላር ያህል ይከፍላል። በአንድነት ቢያስታውቁ ግን 31,500 ዶላር ተቀንሶ ግብሩ 2,943 ዶላር ይሆናል። ልዩነቱ ከ2,100 ዶላር ይበልጣል፤ ለተማሪ ቤት ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

ነገር ግን በሩ ሁለት መዝጊያ አለው። እንደ ነዋሪ የተቈጠረ ሰው በዓለም ሁሉ ያለውን ገቢ ማስታወቅ ግዴታው ነው። ሚስቲቱ በሳቢያን የምታከራየው ቤት ካላት፣ ያ ኪራይ በአሜሪካው ማስታወቂያ መግባት አለበት። ሚስቲቱ ከነጭራሹ ሳትሄድ በድሬዳዋ በሥራ ላይ ያለች ብትሆን ደግሞ፣ ይህን በመፈረሟ ብቻ የድሬዳዋ ደመወዟ ለአሜሪካ መንግሥት ይገለጻል። እርግጥ ነው፣ እዚህ የከፈለችው ግብር እዚያ ሊቀናነስላት ይችላል፤ ይሁን እንጂ ማስረጃ ከሌለ የሚቀናነስ ነገር የለም። ምርጫው አንድ ጊዜ ከተደረገ ለሚቀጥሉትም ዓመታት ይጸናል፤ ከተሻረ ደግሞ እነዚሁ ባልና ሚስት ዳግመኛ ሊመርጡት አይችሉም። እንግዲህ ለዘንድሮ ጥቅም ብቻ ተብሎ የሚፈረም ወረቀት አይደለም።

የዘመን አቈጣጠርና የወረቀት ነገር

ለእኛ ሰው አንድ ተጨማሪ ችግር አለበት። የኢትዮጵያ የበጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። የአሜሪካው ከጃንዋሪ 1 እስከ ዲሴምበር 31 ነው። ስለዚህ የአንድ ዓመት የድሬዳዋ ደመወዝ በሁለት የአሜሪካ የግብር ዓመት ተከፍሎ ይቈጠራል። ከመሥሪያ ቤት የሚሰጠው ማስረጃ «የ2017 የበጀት ዓመት ደመወዝ» ብሎ በጅምላ የሚጽፍ ከሆነ፣ ለዚያኛው አገር አይጠቅምም። ወር በወር፣ በሁለቱም አቈጣጠር የተጻፈ መሆን ይገባዋል። የማስታወቂያው የመጨረሻ ቀን ኤፕሪል 15 ሲሆን፣ በእኛ ሚያዝያ 7 ላይ ይውላል።

ከዚህም በቀር የጋብቻ ማስረጃ ያስፈልጋል። ሕጋችን በክብር መዝገብ ሹም ፊት የተፈጸመውን፣ በሃይማኖት የተፈጸመውን፣ በባህል የተፈጸመውንም ጋብቻ እኩል ያከብራል። ሆኖም በቤተ ክርስቲያን የተጋቡትም ሆኑ ኒካሕ ያሰሩት ብዙዎቹ በወሳኝ ኵነት ምዝገባ ሳይመዘገቡ ይቀራሉ። ጋብቻው እውነተኛ ቢሆንም፣ ባሕር ማዶ ያለ መሥሪያ ቤት ሽማግሌ ጠርቶ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ወረቀት ነው። ይህ ወረቀት ከመሄድ በፊት በድሬዳዋ በአንድ ቀን ጉዳይ ሊገኝ ሲችል፣ ከሄዱ በኋላ ግን ውክልና ልኮ፣ ዘመድ አስቸግሮ፣ ስንት ወር ተጠብቆ የሚገኝ ነው።

ገንዘብ ለቤተሰብ የሚልክም ሰው ሊያውቀው የሚገባ አዲስ ነገር አለ። ከታኅሣሥ 23 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ከአሜሪካ በጥሬ ገንዘብ ወይም ይህንኑ በመሰለ መንገድ በሚላክ ገንዘብ ላይ አንድ በመቶ ቀረጥ ተጥሏል። ከአሜሪካ ባንክ ሒሳብ ወይም በዚያው አገር ከተሰጠ የባንክ ካርድ የሚላከው ግን አይነካም። እንግዲህ ልዩነቱ በላኪው አነስተኛ ጥንቃቄ ላይ የተመሠረተ ነው።

ምን ቢደረግ ይሻላል?

ከላይ እንዳየነው ችግሩ የሁለት ወገን ነው። አንዱ የሕግ፣ አንዱ የዕውቀት።

በሕጉ በኩል፣ እያንዳንዱ ሰው ለየብቻው እንዲከፍል የሚለው መሠረት ቢጸና መልካም ነው፤ ሠራተኛዋን ሚስት የሚጠብቃት እርሱ ነውና። ነገር ግን የትዳር ጓደኛው በመደበኛ ትምህርት ላይ መሆኑን በማስረጃ ላረጋገጠ ሠራተኛ፣ ያ ተማሪ ያልተጠቀመበት ከግብር ነጻ የሆነ 2,000 ብር ቢዛወርለት ምን ይጐዳል? በከፍተኛው የግብር ልክ ላይ ላለ ሠራተኛ ይህ በወር 700 ብር፣ በዓመት 8,400 ብር ማለት ነው። መንግሥት ገቢው ይቀንስበታል የሚል ሰው ቢኖር እውነት አለው፤ ሆኖም ቅናሹ ለትምህርቱ ዓመታት ብቻ የሚቈይ ስለ ሆነ፣ ተማሪው ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ራሱ ግብር ከፋይ ሆኖ ይመልሰዋል። ከአሜሪካ ጋር የግብር ውል የመዋዋሉም ነገር ሊታሰብበት የሚገባ ነው። በሌላው አገር ተማሪና በእኛ ተማሪ መካከል ያለውን ልዩነት ሊያጠበው የሚችል ሌላ መንገድ የለምና።

በዕውቀቱ በኩል ግን አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም። ዩኒቨርሲቲው ለውጭ ትምህርት ለሚሄዱ ምሩቃን የግማሽ ቀን ገለጻ ቢያደርግ፣ የግብር መሥሪያ ቤቱም ነዋሪ ማን እንደ ሆነ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ በአንድ ገጽ አሳትሞ በባቡር ጣቢያውና በአውሮፕላን ማረፊያው ቢያስቀምጥ፣ ወጪው አነስተኛ ሆኖ ጥቅሙ ብዙ ነው። የነዋሪነትና የግብር ከፋይነት ማስረጃም ለጠያቂው ሳይንገላታ እንዲሰጠው ያስፈልጋል።

ወጣቱ የመንግሥት ሠራተኛ ሆይ፣ አንድ ቀን በመስኮትህ ፊት ቆማ «ባለቤቴ ያለው አሜሪካ ነው፤ የደመወዜንና የግብሬን ማስረጃ ወር በወር ጻፍልኝ» የምትል እኅት ብትመጣ፣ «እንዲህ ያለ ነገር አንሰጥም፤ ነገ ነይ» አትበላት። ያ ወረቀት አንድ ትዳር ሁለት ጊዜ እንዳይገብር የሚያደርግ ነው። መንገደኛውም ልብሱንና በርበሬውን በሻንጣው ሲያዘጋጅ፣ የጋብቻ ወረቀቱን፣ የደመወዝ ማስረጃውንና የግብር ደረሰኙን አብሮ ያስገባ። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ የዛሬዋ ግማሽ ቀን የነገዋን ዓመት ታድናለች።